የጤነኛዋ ክንድ

መጭመቂያው ማሽን ከተበላሸ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሆዱ እንደተከፈተ ቆሟል፤ ሴቶቹ የምሳ ዕቃቸውን ያስቀምጡበታል። «በዚህ ሳምንት ይጠገናል» ሲባል ሰምቶ የሚያምን ሰው ካለቀ ቆይቷል። እስኪጠገን ድረስ የሚጨምቀው የሰው ክንድ ነው።

ብርድ ልብስ በሁለት ሰው ይጨመቃል። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ይቆሙና አንዷ ወደዚህ፣ ሌላዋ ወደዚያ ይጠመዝዙታል። መጀመሪያ ውሃው እንደ ቧንቧ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ይንጠባጠባል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያልወጣ ውሃ አለ። ጥርስ የሚያስነክሰው እሱ ነው።

ትራክተር የሚሏት ሴት በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። ስሙን ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ እርጥብ ብርድ ልብስ የተቆለለበትን ጋሪ ብቻዋን ስትገፋ አይተው። መጀመሪያ ተቀየመች፤ እያደር ግን ወደደችው። ትይዩዋ ቆማ የምትጠመዝዘው የወንድሟ ሚስት ናት። ይህችኛዋ ከተዳረች አሥራ አራት ዓመት አልፏታል፣ ሦስት ልጅ ወልዳለች፤ ግን ዛሬም ድረስ ሙሽሪት ነው የምትባለው። ከቤት የወጣው ስም ሥራ ቦታም ተከትሏት ገባ። ሥራውን ያስገባቻት ትራክተር ናት። «በአንጓሽ አትጠምዝዢ፣ ከትከሻሽ አምጪው» እያለች ያስተማረቻትም እሷው ናት። የሚኖሩት አንድ ቤት ነው፤ ከማጠቢያ ክፍሉ አብረው ወጥተው፣ አብረው ይገባሉ።

ትራክተርን ክርኗን ያማት ከጀመረ ሰባት ወር ሆኗል። በቀኝ እጇ፣ በውጭ በኩል፣ አጥንቱ ጉብ ያለበት ቦታ ላይ። የበር እጀታ ስታዞር ይወጋታል። ብርጭቆ ስታነሳ ጣቶቿ ድንገት ይከዷታል። ጠዋት ልትጸልይ እጇን ስትዘረጋ እንኳን ሕመሙ ቀድሟት ይነሳል፤ ያን ጊዜ እጇን ወደ ጉልበቷ መልሳ ጸሎቷን በልቧ ትጨርሳለች። ለማንም አልተናገረችም። የምታውቀው ሙሽሪት ብቻ ናት፤ አብራት ለምትጠመዝዝ ሰው ደግሞ ይሄ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ብርድ ልብሱ ራሱ ይናገራል። ሙሽሪትንም ያማታል። ጠዋት ጠዋት «ያንቺኛው እንዴት አደረ?» ይባባላሉ፣ ክርን ሳይሆን በሌላ ክፍል የተኛ ሕፃን ያላቸው ይመስል።

በመላው ማጠቢያ ክፍል ያለው ወንበር አንድ ነው። ማስረከቢያው መስኮት ላይ የምትሠራዋ የምትቀመጥበት ነው፤ የታጠበውን ተቀብላ፣ ማኅተም መትታ፣ ለየክፍሉ ታስረክባለች። የወንበሩ ባለቤት በወር ውስጥ ጡረታ ልትወጣ ነው። ቀጥሎ የሚደርሰው ለትራክተር እንደሆነ የማይናገር አልነበረም። በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጣት የለም። እሷም «ከሰጡኝ ይህቺን እጄን አሳርፋታለሁ፤ ካልሰጡኝ አንድ ዓመት አትዘልቅልኝም» ብላ ለሙሽሪት ነግራታለች። ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም። የተማረችውም፣ የምትበላውም በዚህ ክንድ ነው።

ዶክተሯ ከነጥናቷ የመጣችው በዚህ መሀል ነው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ፈጣን፣ ጨዋ፣ ወረቀቷ የማይጨማደድ። እጃቸውን ደጋግመው የሚያሠሩ ሰዎች ክርናቸውን ለምን እንደሚያማቸውና የትኛው ሕክምና እንደሚሻላቸው ታጠናለች። ሃያዎቹም የማጠቢያ ሴቶች ተራ በተራ እንዲለኩ ታዘዘ።

በመለኪያው ቀን ጠዋት ሙሽሪት ከላይኛው ኮሪደር እየተጣደፈች ወረደችና ትራክተርን ጎትታ የተበላሸው ማሽን ጀርባ አቆመቻት።

«እትዬ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ይሄ ጥናት የሚሉት ነገር ጥናት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ደካማ መልቀሚያ ነው። ክርኗን የሚያማት ሴት ስሟ ተጽፎ ለፊሽካ ይሰጠዋል። ከዚያማ ደህና ሰንብቺ ነው።»

ፊሽካ የሚሉት ኃላፊያቸውን ነው፤ እረፍት ሲያልቅ በፉጨት ስለሚጠራቸው። ፊት ለፊት ጋሼ ነው የሚሉት።

«ማን ነገረሽ?»

«ዶክተሯ ራሷ ስታወራ ሰማኋት፣ በዚህ ጆሮዬ። ‹ሲያምሽ አቁሚ› ይሉሻል። ወጥመዱ እሱ ነው። ያቆመች አለቀላት።»

«አንቺስ እንዴት ልትሆኚ ነው?»

«እኔም እንደ ምንም ብዬ እጨብጣለሁ፤ እሱ ያውቃል። አንቺን ማን ይጠረጥርሻል፣ ትራክተር ነሽ እኮ! እትዬ፣ ስለ ልጆቹ ብዬ ነው የምለምንሽ። አንቺ ከወጣሽ ይሄ ቤት በምን ይቆማል?»

ትራክተር የወንድሟን ሚስት ፊት አየችው። ፈርቷል። ሰው ለሷ ሲፈራላት ማየት ብዙም ያልለመደች ሴት ነበረችና ልቧ ራራ። «አይዞሽ አንቺ ልጅ» አለቻት፣ ጀርባዋን መታ መታ አድርጋ። «እስኪሰበር ነው የምጨብጥላቸው።»

የመለኪያው ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ ጠረጴዛ። የሚለካው ሰውዬ ፀጥ ያለ፣ ፀጉሩ ገባ ያለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ሴቶቹ ለኪው ብለውታል።

«ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ክርንዎን አሞዎት ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ትንሽም ቢሆን?»

«ስሜን አልነገሩህም እንዴ? ትራክተር ክርኑን አመመው ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?»

ለኪው ሳቀ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጉብ ያለችውን አጥንት ፈልጎ ተጫናት። ትራክተር ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተከለች። ውስጧ የሆነ ነገር ከክርኗ እስከ ጆሮ ግንዷ ተሰነጠቀ።

«አመመዎት?»

«ኮረኮርከኝ።»

መካከለኛ ጣቷን ወደ ላይ እንድታነሳ አድርጎ እሱ ወደ ታች ተጫናት። አላወረደችም። በመጨረሻ እጀታ ያለው መለኪያ ሰጣት፤ ሲጨብጡት መርፌው ይንቀሳቀሳል።

«አሁን ቀስ እያሉ ይጨብጡ። ሙሉ ጉልበትዎን አልፈልግም። ሕመም የጀመረ ሲመስልዎት ወዲያው ያቁሙ፤ ገባዎት? የሚለካው ሳያምዎት የሚጨብጡት ነው።»

ይኸው መጣ አለች በልቧ። ይቅር በለኝ ብላ ጨበጠች። መርፌው አሥርን አለፈ። አሥራ አምስትን አለፈ። ክፍሉ ጠበባት። ሃያ። ሃያ አራት። ለኪው መርፌውን ትቶ ፊቷን ማየት ጀመረ፤ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«እናቴ፣ ካመመዎት ይበቃል።»

«አላመመኝም አልኩህ!»

ሃያ ስድስት። ለኪው ብዕሩን አንስቶ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጻፈ፤ ሃያ ስድስት ኪሎ፣ ሕመም የለም።

ውጤቱ በአሥራ አንደኛው ቀን ወጣ። ስምንት ሴቶች ታመዋል ተባለ። ከፊሎቹ ክርናቸው ላይ መርፌ ተወጉ፤ መድኃኒት ይሁን የጨው ውሃ ዶክተሯም ለጊዜው አታውቀውም፣ ጥናቱ እንደዚያ ነው። ከፊሎቹ ደግሞ ትንሽ ክብደት ይዘው አንጓቸውን ቀስ ብለው ዝቅ የማድረግ ስፖርት ታዘዘላቸው። ለስምንቱም ከባድ ሥራ እንዳይሠሩ የሚል ደብዳቤ ለኃላፊው ተጻፈ። ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለችው ሙሽሪት ናት፤ አምስት ኪሎ ላይ ነው ያቆመችው፤ የደረሳትም መርፌው ነው።

የተባረረ ሰው የለም። ይልቁንም ፊሽካ ሙሽሪትን ጠርቶ ማስረከቢያው ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«እትዬ፣ ጨነቀኝ እኮ» አለች ሙሽሪት የዚያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ። «ልጨብጥ ብዬ እጄ ከዳኝ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ መሰለኝ፤ የእግዜር ሥራ ነው።»

«እሰይ» አለች ትራክተር። ክፉ ማሰብ ኃጢአት ነው ብላ የምታምን ሴት ናት፤ ስለዚህ አላሰበችም። እንደውም ያን ሌሊት ለሙሽሪት ክርን ጸለየች። ለራሷ መጸለዩን ለነገ አሳደረችው።

ከማግስቱ ጀምሮ ግን ሥራው ሌላ ሆነ። ስምንቱ የታመሙት የትራስ ልብስ ማጠፍ ጀመሩ። የእነሱ ብርድ ልብስ ታዲያ የት ይሂድ? ፊሽካ ከዶክተሯ የመጣውን ሁለተኛ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ሕመም ያልተገኘባቸው አሥራ ሁለት ሴቶች ስም ነው። ትራክተር አንደኛ ናት።

«ሐኪም ፈርሞልሻል!» አላት እየሳቀ። «እኔ እንኳን ለመኪናዬ እንዲህ ያለ ወረቀት የለኝም።» የሁለት ሰው ቁልል አስጠጋላት።

በዚህ ላይ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ወደ መለኪያው ክፍል ትጠራለች። ዶክተሯ የታመሙትን ከጤነኛ ጋር ማስተያየት አለባት፤ ለዚያ ከሁሉ የበለጠ የጨበጠችውን መረጠች። እየመጣች ትጨብጣለች፤ ስትወጣ ሁለት ሳሙና ይሰጣታል። ብቀንስ ይደርሱብኛል ብላ ትፈራለችና በሁለተኛው ጊዜ ሃያ አምስት፣ በሦስተኛው ሃያ ስድስት ጨበጠች። ከጨበጠች በኋላ ያለውን ቀን ማንኪያ የምትይዘው በግራ እጇ ነው።

በአራተኛው ጊዜ ዶክተሯ ራሷ ክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ ደስ ብሏታል። ግድግዳው ላይ ብዙ መስመር ያለበት ትልቅ ወረቀት ሰቅላለች።

«እናት፣ ይቺን ይዩ። ከሁሉም በላይ ያለችው የእርስዎ መስመር ናት። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ሥራ፣ እንዲህ ያለ ክንድ አላየሁም። ሌሎቹ ምን ያህል እንደተጎዱ የማውቀው በእርስዎ ነው።»

«የታመሙት ደብዳቤ ማግኘታቸው ደግ ነው» አለች ትራክተር። «መጀመሪያ የታመመ ይባረራል ተብሎ ነበር፤ በኋላ ሐሳባችሁን ቀየራችሁ።»

«ማነው የቀየረው?» ዶክተሯ ተገረመች። «ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነበር እኮ። በመለኪያው ቀን ጠዋት የወንድምዎን ሚስት ኮሪደር ላይ አግኝቼ ነግሬያታለሁ። ‹ሴቶቹ ፈርተው እንዳይደብቁ፣ የታመመ አይባረርም፣ ቀላል ሥራ ያገኛል፣ ባዶ የሚሆነው ወንበርም ደብዳቤ ላላት ነው ብለሽ ንገሪያቸው› ብዬ ልኬያታለሁ። ለሁሉም አዳርሻለሁ ብላኛለች። ለእርስዎ አልነገረችዎትም?»

ለኪው መለኪያውን ዘርግቶ እየጠበቃት ነው። ትራክተር ተቀበለችው። ቀዝቃዛ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የተበላሸው ማሽን ጀርባ ያየችው የፈራ ፊት መጣባት፤ ምን ፈርቶ እንደነበር አሁን ገባት።

«ነግራኛለች» አለች። የቤቷን ጉድ ለሰው መስጠት አልቻለችም። ቀጥላ ግን ድምፅዋ ሌላ ሆነ። «ዶክተር፣ እኔንም ያመኛል።»

«ምንዎን?»

«ክርኔን። ሰባት ወር አልፎኛል፣ እናንተ ሳትመጡም ነበረ። ዋሽቻችሁ ነው።»

ዶክተሯ ወደ ወረቀቱ ዞረች፤ ከዚያ ወደ ትራክተር። «እስቲ ይጨብጡ።»

ትራክተር ለመጀመሪያ ጊዜ የተባለችውን አደረገች። ቀስ ብላ ጨበጠች፤ ሕመሙ ሲጀምር አቆመች። መርፌው አራት ላይ ነው።

«አራት» አለች ዶክተሯ። «ከሁለት ሳምንት በፊት ሃያ ስድስት። እናት፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም።»

«ያኔ እያመመኝ ነው የጨበጥኩት።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ዶክተር» አለ ለኪው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «በመጀመሪያው ቀን ላብ አይቼባት ነበር።»

«አይተህ ለምን አልጻፍክም?»

«ቅጹ ላይ ላብ የሚጻፍበት ቦታ የለም።»

ዶክተሯ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ስሙኝ እናት። ወይ ያኔ ዋሽተዋል፣ ወይ ደግሞ የቤተሰብዎ ሰው ወንበር ላይ ስትቀመጥ አይተው ዛሬ እየዋሹ ነው። የቱ እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው የተለካውን ነው። የተለካውን በሰው ወሬ ከቀየርኩ የሌሎቹም ሁሉ ይበላሻል። ከዝርዝሩ አወጣዎታለሁ፤ በራሳቸው ፈቃድ አቋረጡ ብዬ እጽፋለሁ። የሚጎዳዎት ነገር የለም።»

«ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀትስ?»

«እሱ ስፈርም ትክክል ነበር።»

ለኪው በሩን ከፈተላት። እጀታውን እሷ እንዳታዞር ብሎ ነው መሰለኝ። ሳሙና አልሰጣትም፤ ላቋረጠ ሰው አይሰጥም።

በዚያው ዕለት ራት ላይ ትራክተር ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልጆቹ በልተው ወጥተዋል። ወንድሟና ሙሽሪት ፊት ለፊቷ ናቸው።

«ዶክተሯን አገኘኋት» አለች።

ሙሽሪት ማኘኳን አላቆመችም። «እና?»

«ለሁላችሁም ንገሪ ብላሽ ነበር።»

«ነግሬያለሁ። ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

«ለኔስ?»

ወንድሟ ቀና አለ። ይህን ወንድሟን እናታቸው ስትሞት በዘጠኝ ዓመቱ ተቀብላ ያሳደገችው እሷ ናት። «ምንድነው ነገሩ?» አለ። ነገረችው። ሲሰማ ቆየና ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ የምለው፣ ወንበሩ ከዚህ ቤት ወጣ? አልወጣም። አንቺ ተቀመጥሽ እሷ ተቀመጠች፣ ያው አይደል? ሴቶች ስትባሉ ከምንም ነገር ጠብ ትፈጥራላችሁ።»

«ክንዱ ያው አይደለም» አለች ትራክተር።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ?» ሙሽሪት እጇን ታጥባ አደረቀች፤ ጣት በጣት፣ ሳትቸኩል። «ሁለታችንም ብናቆም ወንበሩን ላንቺ ይሰጡሽ ነበር። በዕድሜ ትበልጪኛለሽ። እኔ ደግሞ የማቅፈው ልጅ አለኝ፣ የማጥበው ልጅ አለኝ። አንቺ ምን አለሽ? ክንድሽን ለማን ብለሽ ነው የምታስቀምጪው?»

ወንድሟ ሣህኑን አየ። አንድ ቃል ይላል ብላ ጠበቀች። ዳቦ ቆርሶ ጎረሰ።

ያን ምሽት ትራክተር ልትጸልይ ተንበረከከችና የምትለው አጣች። ስለ ጠላትሽ ጸልዪ የሚለውን ታውቀዋለች፤ ስለ ወንድም የተባለውን ማስታወስ ግን አቃታት። ሳትጸልይ ተነሳች።

ጠዋት ፊሽካ ዘንድ ገባች። አጭር አድርጋ ነገረችው።

«ጋሼ፣ ሌላ ሐኪም ይየኝ።»

«ይኸው ሐኪም አይቶሻል» አለ፣ በጣቱ ወደ ግድግዳው እያሳየ። «የሆስፒታላችን ዶክተር የፈረመችውን እኔ ልሰርዝ? ትራክተር፣ ቅናት ነው ይሄ። የወንድምሽ ሚስት ናት፤ ደስ ሊልሽ ሲገባ።»

«ቅናት አይደለም። እጄ ሊሄድ ነው።»

«እንግዲያው ከመሄዱ በፊት ያን ቁልል ጨርሺልኝ።»

ሌላ ዘጠኝ ቀን ጨመቀች። ትይዩዋ የቆመችው አዲስ ተቀጣሪ ናት፤ ጉልበት አላት እንጂ ዘዴ የላትም፣ የምትጠመዝዘው እንደ መጣላት። በዘጠነኛው ቀን ከምሳ በፊት፣ የመጨረሻው ውሃ ሲወጣ፣ በትራክተር ክርን ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ድምፁን አዲሷም ሰማችው። ብርድ ልብሱ ከእጇ አምልጦ ወደቀ፤ ሲወድቅ ደርቆ የታጠፈውን የቀዶ ጥገና ክፍል አንሶላ በሙሉ አበሰበሰው። ትራክተር ልታነሳው ጎንበስ አለች። ጣቶቿ ጨርቁ ላይ አረፉ፤ አልጨበጡም።

ፊሽካ መጣ። መጀመሪያ ያየው አንሶላውን ነው።

«አንሺው።»

«አልቻልኩም።»

«አንሺው አልኩሽ እኮ።»

«ጋሼ፣ አይጨብጥልኝም።»

ሴቶቹ ቆመው ያያሉ። አንዷ «ኧረ ትራክተራችን ነዳጅ ጨረሰች!» አለች፤ ሁለት ሦስቱ ሳቁ፤ ከዚያ ፊቷን አዩና ተዉት። ፊሽካም አልሳቀም። ደንብ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ስሚኝ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የታመመች ብትሆኚ ኖሮ ደንብ አለኝ። ፈቃድ አለ፣ ቀላል ሥራ አለ። አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ። ጤነኛ ሰው የታዘዘውን አላነሳም ሲል ስሙ እምቢታ ነው። ለዚያም ደንብ አለኝ።»

የስንብት ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ተጻፈ። ሥራ የሚለቅ ሰው ጋዋኑንና ቦቲ ጫማውን ማስረከቢያው መስኮት ላይ ይመልሳል። ትራክተር በግራ እጇ አቅፋ ይዛቸው ሄደች። ቀኝ እጇ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሙሽሪት ወንበሯ ላይ ናት። ቀና ብላ አየቻት፤ አሁንም ዝቅ ብላ ጋዋኑን ዘረጋች፣ ኪሶቹን ፈተሸች፣ ቁልፎቹ መሟላታቸውን አየች። ቦቲውን ገልብጣ ስንጥቅ እንዳለው ተመለከተች። ማኅተሙን አንስታ መታች። ጠንካራ ምት ነው፤ የተወጋችው መርፌ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም።

«እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ትራክተር ብዕሩን በቀኝ እጇ ሞከረች። ወደቀ።

«በግራሽ ይሁን፤ ግድ የለም» አለች ሙሽሪት፣ ከኋላ የቆሙትን እያየች። ትራክተር በግራ እጇ አንድ የተጣመመ መስመር አሰመረች። ሙሽሪት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ ቤት ቀድመሽ መድረስሽ አይቀር። ውሃ ዛሬ ይመጣል ብለዋል፤ በርሜሉን ሙዪልኝ። እኔን ሐኪም ከልክሎኛል።»

ከዚያ አንገቷን በመስኮቱ አወጣችና «ቀጣይ!» አለች።